ስስት የሚያድገው በምስጢር ነው

የወንጀል ፊልም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሽጉጥ የታጠቀ ወሮበላ ነው። ሕሊናን ይበልጥ የሚፈትኑት ግን ሠርቶ የሚያድረውን ሰላማዊ ሰው ከገንዘብ ጋር የሚያፋጥጡት ፊልሞች ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳም ራይሚ «አ ሲምፕል ፕላን» ሦስት ሰዎች በረዶ ውስጥ ከተከሰከሰች ትንሽ አውሮፕላን 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያገኛሉ። ከሦስቱ አንዱ ሃንክ ጎረቤት የሚያከብረው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት። መጀመሪያ ለፖሊስ እንናገር ይላል፤ ቀጥሎ ገንዘቡን እሱ ሊያስቀምጥ፣ ፈላጊ ከመጣም ሊያቃጥለው ይስማማል። ከዚያ ወዲያ የሚፈሰው ደም ሁሉ ያንን ምስጢር ለመሸፈን ነው። በመጨረሻ ወንድሙን በገዛ እጁ ይገድላል፤ የኖቶቹ ቁጥር ተመዝግቦ እንደነበር ሲሰማ ደግሞ ገንዘቡን ራሱ ያነደዋል። ሃንክን ከዶላሩ ብዛት ይልቅ የጣለው «ማንም አያውቅም» የሚለው ሐሳብ ነበር።

እኛም አገር ይህ ፈተና በአንድ ሌሊት ለብዙ ሺህ ሰው ደርሷል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በመታወኩ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ሲዛመት ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። ይሁንና በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ባንኩ አስታወቀ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሙሉውን ወይም ከፊሉን መለሱ። ሃንክ የመመለሻውን በር በራሱ ላይ ዘጋ፤ ለእነዚህ ግን በሩ ክፍት ነበር፣ ድርጊታቸውም ተሰውሮ አልቀረም።

ለምሳሌ የይፋት ቆላ ነዋሪ ስስት በምስጢር እንደሚያድግ ለመረዳት አውሮፕላን እስኪከሰከስ መጠበቅ የለበትም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ የለማ ሽንኩርትና ማሾ በደሴ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን በአምራቹና በሸማቹ መካከል ደላላና ነጋዴ አሉ። የመሃል አገሩን ዋጋ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ከሆነ ያ ዕውቀት ራሱ ፈተና ነው። ደላላውም ሆነ ነጋዴው የግድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚዛኑና ዋጋው በሁሉም ፊት ሲሆን ግን ቅን ሆኖ መገኘት ይቀልለታል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት የሰንበቴ ገበያም የመተማመን መሠረቱ ይኸው ግልጽነት ነው።

«ያ ሁሉ ሰው ብሩን የመለሰው ፈርቶ እንጂ ሕሊና ኖሮት አይደለም» የሚል ይኖራል። ፍርሃት እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ይሉኝታም የሕሊና አካል ነው፤ በጎረቤት ፊት ማፈር የሚችል ሰው ገና አልጠፋም። ሌላው ደግሞ «ድህነት ያስገድዳል» ይላል። የጆን ሂዩስተን የ1948ቱ «ዘ ትሬዠር ኦፍ ዘ ሴራ ማድሬ» ለዚህ መልስ አለው። ወርቅ ፍለጋ አብረው የወጡት ዶብስና ከርቲን እኩል ችግረኞች ናቸው። ዶብስ ጉድጓድ ተንዶበት ሲቀበር ከርቲን ጥሎት ለመሄድ ያመነታል፣ ግን ተመልሶ ያወጣዋል። ዶብስ በኋላ ያንኑ ሰው በጥይት ይመታዋል። ችግራቸው አንድ፣ ምርጫቸው ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ድህነት ብቻውን አያስገድድም፤ ሆኖም ምስጢር ይህን ያህል ስለሚፈትን ሰውን በስብከት ብቻ ከስስት ልንጠብቀው አንችልም። ሒሳብ በምስክር ፊት ይደረግ፣ ዋጋ በይፋ ይነገር፣ ለተሳሳተም መመለሻ መንገድ ይተውለት። ድሃውንም ሀብታሙንም ከሃንክ ዕጣ የሚጠብቀው ይህ ነው።