ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልጇን ማስነበብ ትችላለች



የቲም ልጆችን የሚያሳድጉ እናቶችንና አያቶችን ስለ ልጁ ንባብ ስንጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በምን አውቄ ልርዳው?» የሚል ነው። ደብተርና እርሳሱ በበጎ አድራጊዎች ድጋፍ ይሟላል፤ ንባቡ ግን ለትምህርት ቤት ብቻ ይተዋል። ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የአገራችን ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ንባብ ያልያዘ ልጅ ደግሞ ከፍ ሲል ሒሳቡንም ሳይንሱንም ከመጽሐፍ መማር ይሳነዋል።

የፊደላችን ጠባይ

እንደሚታወቀው የአማርኛ 33 መደበኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው በድምሩ 231 ይሆናሉ። ዐረብኛው የሚጠብቀውን ድምፅ በሸዳ ሲያመለክት፣ የአማርኛው ጽሑፍ ግን አያመለክትም። «ሰፊ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ይህን የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ነው። ይህ ጆሮ ደግሞ ለእናት አላት። ልጁ የሚማረው በኦሮምኛ ወይም በሌላ የቤተሰቡ ቋንቋ ቢሆንም የሚከተለው ምክር ያገለግላል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቋሚ ጊዜ ይመደብ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በየቀኑ የሚነበብ 15 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ጥናት ይበልጣል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ እናት ሥራዋን እየሠራች ታዳምጥ። የሰማችው የሰው ንግግር ካልመሰላት «እስቲ ድገመው» ትበለው።

ሁለተኛ፣ በቃል መያዝ ከማንበብ ይለይ። ብዙ ልጆች ገጹን ሳያዩት በቃላቸው ይወጡታል። እናት በገጹ መካከል ጣቷን በአንድ ቃል ላይ አሳርፋ ትጠይቀው፤ ያንኑ መልክ ያለውን ቃል በሌላ መስመር ፈልጋ ዳግም ታስነብበው። ፈጽሞ የተለየ ቃል ከጠራ ገና አላነበበም ማለት ነው፤ ለመምህሩም ይህንኑ ታስረዳ።

ሦስተኛ፣ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ያውራላት። «ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን?» ብላ ትጠይቅ። እርሷም በፈንታዋ ተረትና የቤተ ዘመድ ታሪክ ትንገረው፤ በጆሮው የሚያውቀውን ቃል በገጽ ላይ ሲያገኘው ቶሎ ያነበዋልና።

አራተኛ፣ ሲደናቀፍ አትቆጣው። ጥቂት ትታገሠው፤ ካቃተው ታላቁ ወይም ጎረቤት ይንገረው። በቁጣ የሚያነብ ልጅ መጽሐፍ ይሸሻል።

ሌላ መጽሐፍ ከሌለ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የሳሙና መጠቅለያውና የሱቁ ማስታወቂያ ለመለማመጃ ይበቃሉ።

ለበጎ አድራጊዎች

የልጁን ሁኔታ ስትጠይቁ ስንተኛ እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳነበበም ጠይቁ። ከወርኃዊው ድጋፍ ጋር ለክፍሉ የሚመጥን አንድ የተረት መጽሐፍ ብትጨምሩ፣ በቤቱ ውስጥ ያሉት ታናናሾችም ይጠቀሙበታል።

አላህ የልጆቻችንን ልብ ለዕውቀት ይክፈትልን። አሚን።