በጀልባዋ ላይ ቀለም የማይነካው ብረት

አጎቴ ያደጉት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከተማው በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ላለው ሰፈራችን ሊትል ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በይፋ ሲሰጥ እሳቸው እዚያው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው አንድ ያገለገለች ጀልባ ገዙ። ቤተሰቡ ተንጫጫ። እሳቸው ግን «ውኃ ዳር አድጌ አስፋልት ላይ ልሙት?» አሉና ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ጀልባዋ የምትቆመው ማሪና ዴል ሬይ ነው። ከፌርፋክስ ተነስታችሁ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባችሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳችንን ከሰፈር ይዘን እንሄዳለን። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም የሠራሁት በኮምፒውተር ነው። ስለ ብረት የማውቀው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የጀልባዋ ድራይቭ ቀለም ተላላጠ። ድራይቭ የምለው ከጀልባዋ ኋላ ውኃ ውስጥ የሚገባውን፣ የሞተሩን ኃይል ለፕሮፔለሩ የሚያደርሰውን ክፍል ነው። የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሠርተን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቀለም ቀባነው። አማረ! ፎቶ አንስተን ለዘመድ ሁሉ ላክን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጀልባዋን ከውኃ ስናወጣት ቀለሙ ውኃ እንደ ቋጠረ ቃጠሎ አብጧል። ነካ ሳደርገው ረገፈ። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ነበር፤ ዱቄቱን ስጠርገው ጉድጓድ። አጎቴ ዝም አሉ። አዲስ ድራይቭ ጀልባዋ ከተገዛችበት ዋጋ ብዙም አያንስም፤ ያንን ለመክፈል ደግሞ ጡረታቸው አይችልም።

ብዙ ሰው «አሉሚኒየም አይዝግም» ይላል። ልክ ነው፤ ዝገት የምንለው ቀዩ ነገር ከተራ ብረት የሚወጣ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በጣም ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ያም ሽፋን ይጠብቀዋል። የባሕር ጨው ግን ሽፋኑን ይበሳዋል። በአማርኛ «ጨው በላው» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጨው የባሰ ግን ጎረቤት አለ። ሁለት የተለያዩ የብረት ዓይነቶች ተነካክተው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከገቡ ባትሪ ይሆናሉ፤ አንዱም ለሌላው ሲል ይበላል። ወጥ ቤት ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ዶሮ ወጥ በማይዝግ ብረት ድስት አስቀምጡና በአሉሚኒየም ፎይል ክደኑት። ፎይሉ ድስቱንም ወጡንም ነክቶ ካደረ ቀዳዳ ሊያወጣ ይችላል። አይጥ አይደለም። የእኛም ነገር ይኸው ነበር፦ ፕሮፔለሩ ድስቱ፣ ድራይቩ ፎይሉ፣ ባሕሩ ወጡ።

መፍትሔው ከሁለቱ ቀድሞ የሚበላ ሦስተኛ ብረት መጨመር ነው። አገር ቤት የምታውቁት የቆርቆሮ ጣሪያ በዚህ ዘዴ ይጠበቃል፤ ብረቱ በዚንክ ተለብጧል፤ ዚንኩም ቀድሞ ይበላለታል። ጣሪያው የሚዝገው ዚንኩ ሲያልቅ ነው። በመርከብ ላይ ይህን የሞከረው ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ በዚንክና በብረት ቁራጮች አዳነ። (መዳቡ ሳይበላ ሲቀር የባሕር እንስሳት ተለጥፈውበት መርከቦቹ ተጎተቱ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።)

በጀልባ ላይ ይህ ቁራጭ አኖድ ይባላል። ለባሕር ዚንክ ወይም ለዚሁ ሥራ የተቀመመ አሉሚኒየም ይመረጣል፤ እንደ ጣና ጨው ለሌለው ውኃ ደግሞ ማግኒዚየም። የእኛም ጀልባ አኖድ ነበራት። ግን ግራጫና አስቀያሚ ነበርና እኔ በገዛ እጄ ጥቁር ቀባሁት። ቀለም የተቀባ አኖድ ውኃውን ስለማይነካ አይሠራም። የሚበላ ሌላ ነገር ስላልተገኘ ድራይቩ ተበላ።

እንደገና ጀመርን። የተላጠውን ሁሉ ፋቅን፤ ግን በብረት ብሩሽ አይደለም። የብረት ብሩሽ ብናኙን አሉሚኒየሙ ላይ ትቶ ሌላ ባትሪ ይፈጥራል። ጨው እንዳይቀር በንጹሕ ውኃ ደጋግመን አጠብን፤ ጉድጓዶቹን በኢፖክሲ ሞላን። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስን በኋላ ሳንውል ሳናድር ኢፖክሲ ፕራይመር ቀባን፤ የአሉሚኒየሙ ሽፋን ቶሎ ስለሚመለስ ማቆየት ጥሩ አይደለም። ከላይ የመጨረሻውን ቀለም ደረብን። ለጀልባ ሥር የሚሸጡ ብዙ ቀለሞች መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ለአሉሚኒየም መጥፎ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትግዙ። በማሪና ዴል ሬይ ውኃ ውስጥ መዳብ ስለበዛ እንዲቀንስ ባለሥልጣናትም ወስነዋል።

አዲሱን አኖድ ስናስር ብሎኑና የሚያርፍበት ቦታ ቀለም እንዳይነካቸው ሸፈንናቸው። ከዚያ በቴስተር ለካሁ። አንዱን ጫፍ አኖዱ ላይ፣ ሌላውን ድራይቩ ላይ ሳደርግ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ቆመ፤ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህን መለኪያ ከመጀመሪያው አለመጠቀሜ አሁንም ያበሳጨኛል። ኮዴን ሳልሞክር ለማንም አላስረክብም፤ የሰው ጀልባ ግን ሳልሞክር ባሕር ውስጥ ሰደድኩ።

አጎቴ ግን አልተዋጠላቸውም። «በዚህ ሁሉ ቆንጆ ጥቁር መሀል ይህን ግራጫ ነገር ትተወዋለህ?»

«አዎ ጋሼ፣ እሱ እንዲበላ ነው የገዛነው።»

ባለፈው ቅዳሜ አውጥተን አየናት። ቀለሙ እንዳለ ነው። አኖዱ ግን ተቦርቡሮ ግማሽ ሊሆን ነው፤ ግማሹ ሳያልቅ መቀየር አለበት። አጎቴ ጎንበስ ብለው ጎርበጥባጣውን በጣታቸው ዳሰሱና «እሰይ!» አሉ። እኔም አዲሱን ለማዘዝ ስልኬን አወጣሁ።