«ፖምፓ» እና «የነዳጅ ፓምፕ»

ከጣሊያንኛ የተወረሰው «ፖምፓ» በመካኒኮች ዘንድ በአብዛኛው የናፍጣ ሞተርን ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝል የሚልከው ክፍል ነው። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ታንክ ውስጥ ሆኖ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን ሌላ ዕቃ ነው። የጥገና መመሪያ ተርጓሚ ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራ፣ መኪናውን በግቢው የሚጠግን የዳንግላ ወይም የእንጅባራ ነዋሪ የማይገጥም መለዋወጫ ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። በአዊ አፉን በአዊኛ የፈታ አንባቢም ስላለ፣ ስያሜው ያለ አስረጂ ሊገባ ይገባል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የናፍጣ መርጫ ፖምፓ»፣ ለሁለተኛው «የታንክ ነዳጅ ፓምፕ» እንዲባል እናሳስባለን። የባለሙያን ቃል ከመሻር ይልቅ ገላጭ ማከል የተሻለ መሆኑን እናምናለን።