ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለምን ይጠማል?

አንድ ገበሬ የሎሚ ዛፉን በመስኖ ያጠጣል። አፈሩ እርጥብ ነው። ይሁን እንጂ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ እሳት እንደ ነካው ይደርቃል፤ ቅጠሉም ይረግፋል። ገበሬው «ውሃ አንሶት ይሆናል» ብሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምርለታል። ዛፉ ግን ይብስበታል። ሎሚ እንደ ጎመን ቶሎ የሚተካ አይደለም፤ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ታዲያ ዛፉን ምን ነካው? በቆላ የመስኖ አገር ብዙ ጊዜ ጠላቱ ጨው ነው።

ጨው ከየት ይመጣል? የወንዝም የጉድጓድም ውሃ፣ ጣፋጭ የምንለው ሳይቀር፣ ጥቂት ጨው አለበት። ውሃ በድስት ፈልቶ ሲያልቅ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ይቀር የለም? በእርሻም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ዛፉም ይጠጣዋል። ጨው ግን አይተንም፤ ዛፉም አብዛኛውን አይወስደውም። እዚያው ሥሩ ዘንድ ይከማቻል። በደጋ የክረምት ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። በቆላ ግን ዝናቡ ትንሽ፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው።

ጨው ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ሥሩ ቢስብ ቢስብ ውሃው እሺ አይለውም። እንግዲህ ዛፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የሚጠማው ለዚህ ነው።

ውሃን ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ጨው ያመጣል እንጂ አይወስድም። የሚሻለው ውሃው ከሥሩ በታች እስኪዘልቅ ድረስ አጥግቦ ማጠጣት ነው። ለምሳሌ ዛፉ 5 ባልዲ የሚበቃው ከሆነ 1 ባልዲ እንጨምርለት። ትርፉ ውሃ ጨውን አሟሙቶ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። እስከሚቀጥለው ማጠጫ ድረስም አፈሩ ድርቅ ብሎ እንዳይሰነጠቅ እንጠብቅ፤ አፈር ሲደርቅ የቀረው ጨው ይበረታል።

ነገር ግን የወረደው ውሃ ወዴት ይሄዳል? ይህን ሳይጠይቁ ማጠጣት አደጋ አለው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሳዲና በአሚባራ የሆነውን እንንገራችሁ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ትልልቅ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ፤ ጥጥና ሙዝ ተተከለ። የአዋሽ ውሃ ያን ያህል ጨዋማ አልነበረም። ሆኖም ውሃው በብዛት ሲለቀቅ በቂ መውጫ አልነበረውም። ከመሬት በታች ያለው ጨዋማ ውሃ ዓመት በዓመት ከፍ እያለ መጣ። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንደሚስብ አፈሩም ያንን ውሃ ሳበው። ውሃው ተነነ፤ ጨው ከላይ ቀረ። ሙዝ የነበረበት መሬት ሳይቀር ነጭ ለበሰ፤ ብዙ መሬትም ከእርሻ ወጣ። በኋላ ውሃውን የሚያስወጣ ቦይ መቆፈርና ከመሬት በታች ቧንቧ መቅበር ግድ ሆነ።

ስለዚህ በማሳችን ዳር 2 ሜትር ያህል፣ ማለት 4 ክንድ፣ ጉድጓድ ቆፍረን እንይ። ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ውሃ ከወጣ አጥግቦ ማጠጣቱ ብቻውን አይበጅም። አስቀድሞ ከማሳው ታች መውጫ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይፈስ ግን ተመካከሩ፤ ከዚህ የተነሳ ጠብ አይጠፋም።

ውሃውን ቀምሶ «ጨው የለውም» ማለት አያስተማምንም። ለሎሚና ለብርቱካን ምላሳችን ሳያውቀው ጉዳቱ ይጀምራል። ውሃውንና አፈሩን በግብርና ባለሙያ በኩል ማስመርመር ይሻላል።

ዛፍ ሁሉ እኩል አይችልም። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና ሙዝ ጨው አይወዱም። ሮማንና በለስ ይሻላሉ። ከሁሉም የሚችለው ቴምር ነው፤ በአፋር፣ በአሳይታና በአፋምቦ በኩል ይበቅላል። ውሃው ጨዋማ መሆኑ እየታወቀ አቮካዶ መትከል ድካም ነው። ችግኝ ደግሞ ከትልቅ ዛፍ ይልቅ ስለሚጎዳ ካለን ንጹሕ ውሃ የተሻለውን ለችግኙ እንስጥ።

ውሃውን ቅጠሉ ላይ አንርጭ፤ ቅጠሉ ራሱ ጨው ይመጣል። ወደ ማታ እናጠጣ። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር እናልብስ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ማዳበሪያም ጨው ነውና በተጎዳ ዛፍ ላይ አናብዛ።

አንዳንድ መሬት ግን ውሃ ሲጠጣ እንደ ጭቃ ምርግ ይደፈናል፤ ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ አይሰርግም። ይህ ሌላ ዓይነት ጨው ነው፤ ውሃ ብቻ አያጥበውም። የተፈጨ ጀሶ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ከዚያ መታጠብ አለበት። መጠኑን በግምት አታድርጉት፤ አፈሩ ከተመረመረ በኋላ ባለሙያው ይነግራችኋል።