የዘውዱ ብልቃጥ
ሀገሩን ያጣው ልዑል በሽቶ ቀማሚነት እንዴት ኖረ?



ሰብአ ሰገል ኮከብ እየመራቸው ቤተ ልሔም በደረሱ ጊዜ ለሕፃኑ ያቀረቡት እጅ መንሻ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ እንደነበረ በየዓመቱ በዚህ በዓል ስንሰማው ኖረናል። አባቶቻችንም ወርቁ የመንግሥቱ፣ ዕጣኑ የክህነቱ፣ ከርቤው የሞቱ ምሳሌ መሆኑን ያስተምሩናል። ከሦስቱ ገጸ በረከቶች ሁለቱ ግን ከቆሰለ ዛፍ የሚፈስ ሙጫ መሆናቸውን ልብ የሚል ብዙ አይደለም። ሁለቱም በሀገራችን ምድር ይገኛሉ። ከቤተ መቅደሱ ማዕጠንት ባሻገርም በሽቶ ቀማሚዎች ጠረጴዛ ላይ ከጥንት ጀምሮ ስፍራ አላቸው። በዛሬው የበዓል ገጻችን በዚህ ሙያ እንጀራውን ስላገኘ አንድ ኦርቶዶክሳዊ ስደተኛ ልናወጋችሁ ወደድን። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው የተወለደው በጆርጂያ ነው። ጆርጂያ በካውካስ ተራሮች ሥር የምትገኝ ጥንታዊት የክርስቲያን ሀገር ስትሆን፣ ወንጌልን የተቀበለችው በአራተኛው መቶ ዓመት፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአክሱም በሚያስተምሩበት ዘመን ገደማ ነው። ያስተማረቻቸውም ቅድስት ኒኖ የምትባል ሴት ናት። መስቀሏ ከወይን ሐረግ ተሠርቶ በገዛ ጠጉሯ የታሰረ እንደነበረ ትውፊታቸው ይናገራል። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት በሃይማኖት ውሳኔ ብንለያይም፣ ጆርጂያውያን እንደ እኛው ጾመው የልደትን በዓል የሚያከብሩት በጥር 7፣ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስም የሀገራቸው ጠባቂ ተብሎ ይከበራል።

ጊዮርጊስ ማቻቤሊ ከመሳፍንት ወገን በ1885 በትብሊሲ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ሀገሩ በሩሲያ ቄሣር ሥር ነበረች። ቤተ ክርስቲያኗም ራሷን ችላ የመቆም መብቷን ከ1811 ጀምሮ ተነጥቃ ነበር። ወጣቱ ልዑል ወደ ጀርመን ሄዶ በበርሊን የማዕድን ምሕንድስና ተማረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዚያው በበርሊን ለጆርጂያ ነጻነት ይሠሩ ከነበሩት ወገኖቹ ጋር ተሰለፈ። ምኞታቸው በግንቦት 1918 ሠመረ፤ ጆርጂያ ነጻ መንግሥት ሆነች። ዳሩ ግን ነጻነቱ ሦስት ዓመት አልሞላውም። በየካቲት 1921 የቦልሼቪኮች ጦር ትብሊሲን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት የሀገሪቱ ፓትርያርክ አምብሮሲ የሕዝቡን በደል ለጄኖዋ ጉባኤ ጻፉ፤ በዚህም ምክንያት ኋላ ታሰሩ፣ ተከሰሱም። እንደ ማቻቤሊ ላለ ሰው ወደ ሀገሩ መመለሻ መንገድ አልነበረም።

ልዑሉ በ1917 ያገባት ኢጣሊያዊት ተዋናይት ኖሪና፣ በመድረክ ስሟ ማሪያ ካርሚ፣ በአውሮፓ ስመ ጥር ነበረች። ዝናዋም የመጣው “ተአምር” በተባለው ትርኢት የእመቤታችንን ሐውልት ሆና በመጫወቷ ነው። ትርኢቱ በ1924 በኒውዮርክ ሲታይ በዚያም በዚሁ ቦታ ተጫወተች። ባልና ሚስቱ ኑሯቸውን በዚያችው ከተማ አደረጉና በማዲሰን ጎዳና ላይ “ቀዩና ጥቁሩ” የሚል የፈረንሳይኛ ስም ያላት አነስተኛ የጥንታዊ ዕቃዎች መሸጫ ከፈቱ። በትውልዱ መስፍን፣ በትምህርቱ መሐንዲስ የሆነው ሰው ከመደብሩ ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ የሰው ቤት አሮጌ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። በዚያን ዘመን ከሩሲያ አብዮት የሸሹ መኳንንት በፓሪስ ታክሲ ይነዱ፣ በየምግብ ቤቱም ያስተናግዱ ስለነበር የእርሱ ዕጣ ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል።

ማቻቤሊ ሽቶ መቀመምን የጀመረው ለንግድ ብሎ አልነበረም። በትምህርቱ ካገኘው የኬሚስትሪ ዕውቀት ተነሥቶ ለወዳጆቹና ለደንበኞቹ ለየጠባያቸው ይስማማል ያለውን መዓዛ ይቀምምላቸው ነበር። ከአሮጌው ዕቃ ይልቅ የሚፈለገው ሽቶው መሆኑን ባየ ጊዜም በ1926 “ልዑል ማቻቤሊ” የተባለውን የሽቶ ድርጅት አቋቋመ።

ሙያው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ቀማሚው ከአበባ፣ ከፍራፍሬ ልጣጭ፣ ከእንጨትና ከሙጫ የወጡ ዘይቶችን በጠብታ እየለካ ያዋሕዳል። ከዚያም በንጹሕ አልኮል አሟሙቶ እስኪዋሐድ ለሳምንታት ያስቀምጠዋል። ዘይቶቹ በአንድነት አይተንኑም። የሎሚና የብርቱካን መዓዛ በደቂቃዎች ይጠፋል፤ የጽጌረዳና የመሰሉት አበቦች ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ልብስ ላይ አድሮ የሚገኘው እንደ ዕጣንና ከርቤ ያለው ከባዱ ነው። ስለዚህም ሙጫዎቹ ሌሎቹን አስረው የሚይዙ መሠረት ናቸው። በዚያን ዘመን ለዚሁ ተግባር ይፈለግ የነበረው ሌላው ነገር ዝባድ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚሄደው ከሀገራችን፣ በከብት ቀንድ ታሽጎ ነበር። ዝባድ በጥሬው አፍንጫ የሚያስይዝ፣ በብዙ አልኮል ሲቀጥን ግን ሽቶውን የሚያለዝብ መሆኑ ያስገርማል። ዛሬ በፋብሪካ በሚሠራ ምትክ ተተክቷል ማለት ይቻላል። ዕጣኑ ግን ከትግራይ፣ ከሁመራና ከመተማ በረሃ ዛሬም ለውጭ ገበያ ይቀርባል። ዛፉ ያለ ዕረፍት እየተፋቀ በመመናመኑ የባለሙያዎች ሥጋት ከሆነ ቆይቷል። የማቻቤሊ ሽቶ ከእኛ ሀገር ሙጫ ተቀምሟል ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ሙያው ከምን ምንጭ እንደሚቀዳ ለማመልከት ያህል ነው።

ወደ ልዑሉ እንመለስ። ለሽቶው የመረጠው ብልቃጥ ከቤተሰቡ ዐርማ ላይ ባለው ዘውድ አምሳል የተሠራ ነበር፤ በክዳኑም ላይ መስቀል ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሽቶዎቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው በሚስቱ ስም “ልዕልት ኖሪና” ተባለ። ሁለተኛው “የጆርጂያ ንግሥት” ሲሆን፣ ጆርጂያዊ ይህን ስም ሲሰማ በልቡ የምትመጣው በንጉሥ ላሊበላ ዘመን የነገሠችውና ቤተ ክርስቲያናቸው ቅድስት ብላ የምታከብራት ታማር ናት። ሦስተኛው “አቬ ማሪያ” ተባለ። ይህ እኛም በየዕለቱ በጸሎታችን የምናደርሰው የመልአኩ የቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ የላቲን መጠሪያ ነው።

እዚህ ላይ እንደ አማኝ ቆም ማለታችን አልቀረም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ቅብዐ ቅዱሱና ዕጣኑ በቀማሚ ብልሃት እንዲዘጋጁ ለሙሴ ታዝዟል። በዚያው ምዕራፍ ግን ያንኑ ቅመም ለራሱ ማሽተቻ የሚሠራ ከወገኑ ተለይቶ እንዲጠፋ ተደንግጓል። የእመቤታችንን ሰላምታ በመደብር መስኮት ላይ በዋጋ መለጠፍ፣ መስቀልንም የብልቃጥ ክዳን ማድረግ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ባያደርገው እንመርጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሰውየው ከሀገሩ ይዞ የወጣው ምን እንደነበረ ስናስብ ለመፍረድ አንቸኩልም። ርስቱ ተወርሷል፤ መንግሥቱ ፈርሷል፤ የቀሩት ስሙ፣ የቤቱ ዘውድ፣ የንግሥቲቱ ዝናና የሃይማኖቱ ምልክት ናቸው። ነግዶ የሚኖርበት ሌላ ነገር ስላልነበረው እነዚሁኑ በብልቃጥ አድርጎ ሸጠ። ንጉሥ የሌላቸው አሜሪካውያንም የልዑል ስም ያለበትን ዕቃ በደስታ ገዙት።

ከሀገር የራቀ ዘመድ ያላቸው አንባብያን ይህን ሳይረዱ አይቀሩም። ከዋሽንግተን ወይም ከሮም የመጣ ልጅ ሲመለስ ከሻንጣው በርበሬው፣ ሽሮውና ዕጣኑ አይታጣም። ዕጣኑ በማግስቱ ጠባብ ፎቅ ቤት ውስጥ በቡናው ፊት ሲጨስ የእናቱን ቤት ያስታውሰዋል።

ድርጅቱ እየታወቀ ሲሄድ ልዑሉ ወገኖቹን አልረሳም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሚኖሩ ጆርጂያውያን ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። በትዳሩ ግን አልቀናውም፤ በ1933 ከኖሪና ጋር ተፋቱ። በመጋቢት 1935 መጨረሻ ላይ በሳንባ ምች ታሞ በኒውዮርክ ሲሞት ዕድሜው 50 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ድርጅቱ ከተቋቋመ ገና 9 ዓመቱ ነው።

በ1936 ኖሪና ድርጅቱን በ250,000 ዶላር ሸጠችው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሄደ። ብዙ አሜሪካውያን ሴቶች የሚያስታውሱት “የነፋስ ዜማ” የተባለው ሽቶ የወጣው ባለቤቱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እርሱ አልቀመመውም፤ በብልቃጡ ላይ ያለው ስም ግን የእርሱ ነው። ገዢዎቹ ማቻቤሊ የሚባል ሰው በእርግጥ ነበረ ወይስ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር ቢባል አያስደንቅም።

ጆርጂያ በ1991 ነጻነቷን መልሳ አገኘች። ተዘግተው የነበሩት አብያተ ክርስቲያናቷም ተከፈቱ። በትብሊሲም እንደ እኛው በዛሬው ዕለት የልደት ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ዕጣኑም ይታጠናል። ልዑሉ ግን የተቀበረው በዚያው በኒውዮርክ ነው።