ትሬስቱጌዘር፦ ንክኪ የሚመዘግበው የሲንጋፖር ቶክን

ትሬስቱጌዘር ቶክን መዳፍ ውስጥ የሚገባ ቀላል የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ስክሪን የለውም፤ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም፤ ቻርጅ አይደረግም። ፊቱ ላይ ኪው አር ኮድ ታትሞበታል። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ካለ እየሠራ ነው፤ ቀይ ከሆነ ባትሪው እያለቀ ነው። ሲንጋፖራውያን በኮሮና ዘመን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወይም ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ይዘውት ዞረዋል። መንግሥት በወረርሽኝ ጊዜ ከሕዝብ የሚሰበስበው መረጃ ወረርሽኙ ሲያልፍ ምን ይሆናል ለሚል ሰው ታሪኩ ከነዝርዝሩ ይጠቅማል። (ከኢትዮጵያው በስተቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።)

ቀድሞ የመጣው በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ንክኪ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ነበር። የአገሪቱ የመንግሥት ቴክኖሎጂ ኤጀንሲ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሠርቶ ማርች 20 ቀን 2020 ይፋ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ችግሩ ታየ። አይፎን ላይ መተግበሪያው ተከፍቶ ካልተቀመጠ በወጉ አይሠራም ነበር፤ ስልኩን ኪሱ ከቶ ለሚሄድ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር። በዚያ ላይ በሽታው ይበልጥ የሚያሰጋቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ስማርት ስልክ አልነበራቸውም። ስለዚህ ይህንኑ ሥራ ብቻ የሚሠራ ቶክን ተመረተ፤ ጁን 28 የመጀመሪያዎቹ 10 ሺህ ለአረጋውያን ታደሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቶክኑ በብሉቱዝ ጊዜያዊ መለያ ያሰራጫል። መለያው የባለቤቱን ማንነት አይናገርም፤ በየጊዜውም ይለዋወጣል። ሁለት ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንዱ ቶክን የሌላውን መለያ፣ ሰዓቱንና የሲግናሉን ጥንካሬ ይመዘግባል። ሲግናሉ ጠንከር ካለ ተቀራርበው ነበር፤ ከደከመ ራቅ ብለው ነበር ማለት ነው። የት እንደነበሩ አይታወቅም፤ ጂፒኤስ የለውምና። መዝገቡ 25 ቀን እዚያው ቶክኑ ውስጥ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። በምርመራ ኮሮና የተገኘበት ሰው ግን ቶክኑን ለጤና ሠራተኞች ያስረክብ፣ መዝገቡም ይገለበጥ ነበር። የትኛው መለያ የማን እንደሆነ የሚፈታው ቁልፍ የነበረው በጤና ሚኒስቴር እጅ ነው። ከዚያ ለባለ ንክኪዎቹ ስልክ ይደወል ነበር።

ይሁንና ብሉቱዝ በሁለቱ ሰዎች መካከል መስተዋት ይኑር፣ ክፍሉ ነፋስ ያግኝ አያውቅም። የመተግበሪያው ኃላፊ የነበሩት ጄሰን ቤይ ራሳቸው ገና ኤፕሪል 2020 ላይ ቴክኖሎጂው በሰው የሚሠራውን የንክኪ ልየታ እንደማይተካ ጽፈዋል። የገዛ ሥራውን ድክመት እንዲህ ቀድሞ የሚናገር ባለሙያ ብዙ አይገኝም።

ቶክኑ ሊመጣ ነው ሲባል ሕዝቡ ሰጋ፤ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች በተቃውሞ ፈረሙ። መንግሥት የሰጠው ምላሽ የሚያስመሰግን ነበር። ከመንግሥት ውጭ የሆኑ ባለሙያዎችን ጠርቶ ዕቃውን ፈታተው እንዲያዩ ፈቀደላቸው። ከእነርሱ አንዱ ‹በኒ› በሚለው ስሙ በሃርድዌር ዓለም የሚታወቀው አንድሩ ህዋንግ ነበር። ጂፒኤስም፣ ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ነገርም አልተገኘበትም። ሚኒስትሩ ቪቪያን ባላክሪሽናንም መረጃው ለንክኪ ልየታ ብቻ እንደሚውል በአደባባይ ቃል ገቡ። ሰዉ አመነ። ወደየሕንፃው ለመግባት ትሬስቱጌዘር ግዴታ ሊሆን ነው መባሉም ገፋፋው፤ በ2021 መባቻ ከነዋሪው 78 በመቶ ያህሉ መተግበሪያውን ጭኖ ወይም ቶክኑን ወስዶ ነበር። ባለ ንክኪዎችን ለይቶ ለማቆየት አራት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ከሁለት ቀን በታች መውረዱን መንግሥት አስታወቀ።

ጃንዋሪ 4 ቀን 2021 አንድ የምክር ቤት አባል ፖሊስ ይህን መረጃ ለወንጀል ምርመራ መጠቀም ይችል እንደሆነ ጠየቁ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታው ዴዝሞንድ ታን እንደሚችል መለሱ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ፖሊስ መረጃ የያዘን ማንኛውንም አካል አቅርብ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ትሬስቱጌዘርን ነጥሎ የሚያስቀር አንቀጽ አልነበረም። በማግስቱ ባላክሪሽናን ያን ቃል ሲሰጡ ይህ ሕግ ትዝ እንዳላላቸው ተናገሩ። ፖሊስ በአንድ የግድያ ወንጀል ምርመራ መረጃውን መውሰዱም ታወቀ።

ባለሙያዎቹ የፈታቱት ፕላስቲኩን ነው፤ መረጃው የሚወጣበት በር ግን ከኮሮና በፊት በወጣ ሕግ ተከፍቶ የቆየ ነው። ሚኒስትሩ ዋሽተዋል ለማለት አልደፍርም። ይልቅ የሚያሳስበው ሳይዋሹም እንዲህ መሆኑ ነው። የሚኒስትር ቃል ሕግ አይሽርም፤ ቃሉ በሕግ እስካልተጻፈ ድረስ ቀድሞ የተጻፈው ይጸናል።

ፓርላማው ፌብሩዋሪ 2 ቀን ሕግ አወጣ፦ መረጃው ከንክኪ ልየታ ውጭ የሚውለው ለሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ብቻ ነው፤ ግድያ፣ ሽብር፣ አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ ከእነዚህ ይገኙበታል። ከዚህ ያለፈ እስከ 20 ሺህ በሚደርስ የሲንጋፖር ዶላር ወይም እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት፣ አለዚያም በሁለቱም እንዲቀጣ ተደነገገ። በሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

አውስትራሊያ የሲንጋፖርን ቴክኖሎጂ መነሻ አድርጋ ኮቪድሴፍ የሚባል መተግበሪያ አወጣች፤ ሕጉን ግን ወዲያው ሜይ 2020 ላይ አጸደቀች። ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ ጨርሶ እንዳይነካው ከለከለች፤ ጥሶ የተገኘም እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገች። የሚያሳዝነው፣ ይህን ያህል የተጠበቀው መተግበሪያ የረባ ሥራ አልሠራም። በሰው ልየታ ያልተደረሰባቸው ሆነው መተግበሪያው ያገኛቸው ባለ ንክኪዎች 17 ብቻ ናቸው። ኦገስት 2022 ላይ ተዘጋ። የሚሠራው መሣሪያ በአንድ አገር፣ የሚጠብቀው ሕግ በሌላ አገር ሆነና አረፈው።

ሲንጋፖር ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ሥርዓቱን ዘጋች። ሕዝቡ በ108 የማኅበረሰብ ማዕከላት ቶክኑን እንዲመልስ ተጠየቀ፤ ማንነትን የሚገልጸው መረጃም ከሰርቨሮቹ መጥፋቱ ተነገረ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በዚያ የግድያ ምርመራ የተወሰደው መረጃ፣ በፍርዱ ላይ ወደፊት ክርክር ቢነሳ ሊያስፈልግ ይችላል ተብሎ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲቆይ ተደረገ።

ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ባለ ንክኪ ሲፈለግና መንገደኛ ወደ ለይቶ ማቆያ ሲገባ ስሙና ስልኩ ይመዘገብ ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ ቅጽ ሲሰጣችሁ ሙሉትና፣ ሌላ መሥሪያ ቤት በየትኛው ሕግ ሊወስደው እንደሚችል፣ በስንት ቀንም እንደሚጠፋ ጠይቁ።