ቱቦው በልብ ውስጥ የት ቆሟል?

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀጭን ቱቦ በክንድዎ ደም ስር ገብቶ እስከ ልብዎ ድረስ ይዘልቃል ቢሉዎት ምን ይሰማዎታል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ይህንኑ በገዛ ገላው ላይ ፈጸመ። ቱቦውን 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ካስገባ በኋላ፣ ጫፉ የት እንደ ደረሰ ለማየት በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄደ። በ1956 ዓ.ም. ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ጥያቄው ግን ዛሬም ያው ነው፤ ይኸውም «ጫፉ የት ነው?» የሚለው ነው። በከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ለአንዳንድ ሕመምተኞች ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለው ቱቦ ይገባላቸዋል። ቱቦው በአንገት ደም ስር ገብቶ፣ በቀኝ ልብ በኩል አልፎ፣ ደምን ከልብ ወደ ሳንባ በሚወስደው ደም ስር ውስጥ ይቆማል፤ በዚያ ያለውንም ግፊት በየቅጽበቱ ያሳያል። ነገር ግን ቀዶ ሐኪሙ ልብን ሲያነሣና ሲያገላብጥ ቱቦው ሊንሸራተት ይችላል። ያን ጊዜ ሕመምተኛውን ወደ ራጅ ክፍል መውሰድ አይቻልምና፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የግፊት ሞገድ ያነባል።

አሁን ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ። በጤነኛ ሰው በዚህ ደም ስር ውስጥ ከፍተኛው ግፊት ከ15 እስከ 30፣ ዝቅተኛው ከ8 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ቱቦው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወደ ቀኝ ልብ የታችኛው ክፍል ቢመለስ፣ ከፍተኛው ቁጥር እምብዛም አይለወጥም፤ ዝቅተኛው ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በሞገዱ ቁልቁለት ላይ የነበረችውም ትንሽ ስርጉድ ትጠፋለች። ስለዚህ ከፍተኛውን ብቻ ያየ ሰው ይታለላል። ጫፉም የልብን ግድግዳ እየነካካ ምቱን ሊያዛባ ይችላል።

ወደ ፊት ዘልቆ በጠባቡ ደም ስር ቢወተፍ ደግሞ፣ ፊኛው ሳይነፋ ሞገዱ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ይሆናል። እንዲህ ከቆየ ከፊቱ ያለው የሳንባ ክፍል ደም ያጣል፤ በዚያ ላይ ፊኛው ቢነፋ ደም ስሩ ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው የፊኛውን መተንፈስ አረጋግጦ፣ ሞገዱ ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ድረስ ቱቦውን በጥቂቱ ወደ ኋላ መሳብ ነው።

በመዝገብ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ትክክለኛ ቁጥር በማይገባው ዓምድ ቢጻፍ ሒሳቡ በሙሉ ይበላሻል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።